ዌርፎር

ከወደቡ ጀርባ፣ ከዓሣ ገበያው በላይ፣
ጠባብ አዳራሽ ነው፣ ባሕሩን በአንድ መስኮት የሚያይ።
ዊትቢ ላይ፤ ወንበሩ እርጥብ፣ ምድጃው ዳተኛ፣
ጉንፋን ይዞታል መርማሪው ዳኛ።

«ኪቲዌክ» የምትባል ጀልባ በጥር ወጥታ አልገባችም፤
አራት ሰው ይዛ ሄዳለች፣ አንዱንም አልመለሰችም።
የሞተረኛው ሚስት፣ ዶርካስ ብሌንኪን ተጠርታ፣
ጓንቷን ሳታወልቅ ቆመች፣ ቦርሳዋን ከሆዷ አስጠግታ።
እንግሊዝኛዋ አሮጌ ነው፣ ከጸሎት መጽሐፍ የቀዳችው፣
ስድስት ቀን ዓሣ እየሰነጠቀች በሰባተኛው ያነበበችው።

«ጥያቄ አለሽ ወይ?» አላት ዳኛው፣ ለወጉ ያህል።
«ዌርፎር?» አለች፤ አንድ ቃል፣ እንደ ዓሣ ቢላዋ ስል።

ጸጥ አለ።

ከዚያ የወደብ ጽሕፈት ቤቱ ወጣት፣ ኮሊን ሃክስቢ ተነሣ፤
ጨዋ ልጅ ነው፤ ካርታውን ዘረጋ፣ እርሳሱን ከጆሮው አነሣ።
«ዌር» የምትለዋን ሰምቷል፤ «የት?» ያለች መስሎታል፤
ለሱ ትውልድ ያ ቃል ከሞተ ሰንብቷል።
«ከዚህ ሠላሳ ሁለት ማይል ነው እሜቴ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣
ጥልቀቱ ሰባ ሜትር፣ ታቹ አሸዋ፣ ነጭና ደቃቅ»
አላት፣ በእርሳሱ ጫፍ ነጥቧን እየነካ፣
የባሏን መቃብር በስንዝር እየለካ።

እሷም አየች፤ ካርታውን አይደለም፣ ልጁን፤
ፊደል የሳተ ተማሪ እንደምታርም አነሣች እጇን።
«ሳይላስ የት እንዳለማ አውቃለሁ፣
ሌሊቱን ሙሉ በመስኮቴ ሰምቻለሁ፤
ቀድሞ የነገረኝ ከፖሊሱ፣
ነፋሱ ነው፣ እሱ።
ዌርፎር ማለት የት አይደለም የኔ ልጅ፣
የትን ይምሰል ልብሱ እንጂ።»

ወይ ቃል!
ኮቱ የ«የት» ነው፣ ከውስጥ ያለው ገላ የ«ለምን»፤
በጨለማ በር ቢያንኳኳ፣ የምታስገባው ማንን?
ሲፈቱት ሁለት ቁራጭ ነው፤ ፊተኛው «የት»፣ ኋለኛው «ለ»፤
እንግሊዞች «ለ»ን ከኋላ አሰሩት፣ እንደ መልሕቅ የተንጠለጠለ።
እኛ ከፊት እናስቀድመዋለን፤ ለ — ምን፤
ደጅ ጥናቱ ግን አንድ ነው፣ እስኪነግሩን ምክንያቱን።

ደግሞ ሌላ ፊት አለው፣ በሕግ ሰዎች እጅ ሲገባ፤
መጠየቁን ይተውና «ስለዚህም» ይላል፣ ሳያባባ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው አስነጥሶ ውሳኔውን አነበበ።
ሦስት ገጽ ነው፤ የሞተሩ ዘይት፣ የማዕበሉ ከፍታ፣
የፓምፑ ዕድሜ፣ የገመዱ መላላት፣
ማን መጨረሻ እንዳያቸው፣ በስንት ሰዓት።
በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከማኅተሙ በላይ፣
ያው ቃል ተቀምጧል፣ ጠያቂ የነበረ ሳይመስል፣
የጥያቄ ምልክቱን ባሕር ላይ ጥሎ፣
«ዌርፎር፣ ሞቱ በድንገተኛ አደጋ ነው» ብሎ።

ዶርካስ ቀና አለች። የሷ ቃል ነው፣ ከሷ አፍ የወጣ፣
ጠዋት «ለምን?» ብሎ ሄዶ፣ ማታ «ስለዚህ» ብሎ የመጣ።
በመካከል ሊኖር የሚገባው፣
እሱ የት ገባ?
አሁን ገና «የት» አለች፤ ለዚያውም በሆዷ።

ሃክስቢ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ደረሰባት፣ ካርታውን በብብቱ ይዞ።
«ቃሉን አላውቀውም ነበር እሜቴ» አለ፣ በብርድና በሐፍረት ደንዝዞ።
«አሁንስ?»
«አሁን ትርጉሙን አውቄአለሁ። መልሱን ግን አላውቅም።»
«እንግዲህ በደንብ ተምረኸዋል» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ነፋሱ ካርታውን ከብብቱ ነጥቆ አግዳሚው ላይ ዘረጋው፤
እሱ አንዱን ጫፍ ሲይዝ፣ ሌላው እየተነሣ አስቸገረው።
እሷም ጓንቷን አወለቀች፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣
መዳፏንም ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣
ከእርሳሱ ነጥብ ላይ፣
አውቶቡሱ እስኪመጣ።